ለዘር የተሰጠች ቅጠል

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ ሰፈር በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ የፀደንያን ቤት የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። ሰው ሲያወርዱ «ቅጠሏ ጋ ነው የሚወርዱት?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤት ቁጥር የለ፣ የሱቅ ምልክት የለ፤ ቅጠሏ ጋ፣ በቃ። ፀደንያ ይህን ስትሰማ ያልሰማች ለመምሰል ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞራለች እንጂ ልቧስ ቅቤ ይጠጣል።

እውነትም ደጃፏ መንገደኛ ያስቆማል። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ በአጥሩ ሥር፣ በበረንዳው ደረጃ ላይ ሁሉ ዕቃ ተደርድሯል፤ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ ጆሮው የወለቀ ብረት ድስት፣ አሮጌ የመኪና ጎማ። በየዕቃው ውስጥ ያለው ግን አበባ አይደለም። ፀደንያ አበባ አትወድም፤ «ሳምንት ስቆ ወር ያኮርፋል» ትላለች። የእሷ ፍቅር ቅጠል ነው፤ ቀይ ቅጠል፣ ቢጫ ቅጠል፣ እንደ ብር የነጣ ቅጠል፣ አረንጓዴው ላይ ነጭ ጅማት የተዘረጋበት ቅጠል።

ሥራው ደግሞ ሲያዩት እንደሚቀለው አይደለም። የባልዲውን ቂጥ በጋለ ሚስማር ትበሳለች፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ከታች ጠጠር ታነጥፋለች፤ በላዩ ቀይ አፈር፣ ከርሞ የበሰለ ፍግና የሐይቅ ዳር አሸዋ አደባልቃ ትሞላለች። ከዚያ መምረጡ ይመጣል፤ እሱ ላይ ፀደንያን የሚያክላት የለም። ቀይን ከቀይ ጎን አታስቀምጥም፤ ይተፋፈናል። ጥቁር ቀዩን መሃል አቁማ ቢጫውን በዙሪያው ታስይዘዋለች፤ ከዕቃው አፍ ላይ ደግሞ ወደ ታች የሚንጠለጠለውን ትለቅበታለች። የቀትር ፀሐይ የሚያገረጣውን ማንጎው ጥላ ሥር ታስጠጋለች፤ ጥላ ሲበዛበት ቀለሙን ረስቶ አረንጓዴ የሚሆነውን ወደ መንገዱ ታወጣለች። ጫፉን በጥፍሯ እየቀነጠሰች ጎን ለጎን እንዲያቆጠቁጥ ታስገድደዋለች፤ የአበባ ዘንግ ብቅ ካለማ ምሕረት የላትም።

የመጣችው ከአሰላ ነው። ባሏ ኃይለ ገብርኤል ኮሌጅ ለማስተማር ሲቀጠር ተከትላው መጣች፤ ሰፈሩም ለብዙ ጊዜ «የመምህሩ ሚስት» ከማለት ሌላ ስም አላወጣላትም። ልጅ አልወለደችም። ማኅበር አልነበራትም። ገበያ አብራት የምትወርድ ጎረቤት እንኳ አልነበረቻትም። ከሰው ያገናኟት፣ ስምም ያወጡላት ቅጠሎቹ ናቸው፤ በተለይም አንዷ።

ያቺ አንዷ ወይን ጠጇ ናት። ዘር ዘርታ ካበቀለቻቸው መካከል ሳይታሰብ ብቅ ያለች ናት፤ መሃሏ ድፍን ወይን ጠጅ፣ ዳሯን እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሎሚ መሳይ ቢጫ የዞረባት። እሷን የመሰለች በከተማው ችግኝ ሻጮች ዘንድ ተፈልጋ አልተገኘችም። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ መኪና አስቁመው መጀመሪያ እሷ ፊት ይነሳሉ። ያን ቀን ፀደንያ ራት መብላትም ትረሳለች።

ቅጠል ግን የሚጠየቅ ነገር ነው። «እስቲ ለዘር» ብላ የመጣችን ጎረቤት ባዶ እጇን መስደድ በሰፈሩ ነውር ነው፤ ውሃ እንደ መከልከል ይቆጠራል። ፀደንያም መጀመሪያ ላይ ሰጠች፤ ከመንገዱ ማዶ ላለችው ለፀሐይወርቅ። ክረምቱ ሲወጣ የፀሐይወርቅ ወይን ጠጅ ከእናት ተክሏ በልጣ በር ሸፈነች፤ አንድ ቅዳሜም ሙሽሮቹ መኪናቸውን እዚያ ማዶ አቆሙ። ፀደንያ በረንዳዋ ላይ የውሃ ማጠጫዋን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። አንዳቸውም ወደ እሷ ዞር አላሉም።

በበጋው ፀሐይወርቅ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ሰነበተችና ተክሏ በውሃ ጥም ደረቀባት። ተመልሳ እንደገና ለዘር ጠየቀች።

«ቆይ፣ እኔው በደንብ አድርጌ ልስጥሽ» ብላ ፀደንያ ከወይን ጠጇ አንድ ቁራጭ ቆርጣ ጓዳ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዝ ነበረ። ፍል ውሃ በኩባያ ቀዳች፤ የቁራጯን ቂጥ ነክራ ጥቂት አቆየች፤ አወጣችና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠች። ስታዩዋት ለምለም ናት። ከታች ግን ሞታለች።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ከፀደንያ ደጅ ለዘር የሚወጣ ቁራጭ ሁሉ፣ ቀዩም ቢጫውም፣ በጓዳ በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው። ጎረቤቶቿ ደግሞ ስትጠቀልልላቸው እያዩ ስለ ደግነቷ ያመሰግኗታል። እሷ ዘንድ የሚንዠረገገው ሌላው ዘንድ ሲጠወልግ ሰፈሩ ሌላ ምን ይበል? «ፀደንያ እጅ አላት፤ የነካችው ይጸድቃል» አለ። እሷም አላስተባበለችም። የደረቀ ግንድ ይዘው ሲመጡባት «እጅ ይለያያል እኮ» ትላቸው ነበር፣ እያዘነች። ጉዱ ማዘኗ ነው፤ ከልቧ ታዝን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግመው የጠየቋት እማማ እናትዓለም ናቸው፤ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ። ባላቸው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን በሐይቁ ገዳማት ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። በግቢው ያለውን ጌሾና ሎሚ የተከሉት እሳቸው ነበሩ፤ እማማ እናትዓለም በዕድሜያቸው በገዛ እጃቸው ልትከል ያሉት ያችን ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ደጁ ጭር ቢልባቸው፣ አንድ የተሰነጠቀ እንስራ አፈር ሞልተው «ለዘር» ብለው መጡ። ቁራጯ ሞተች። ደግመው መጡ። ያችም ሞተች።

«በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታኖሯት እንኳ ሥር ታወጣለች ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ምን ነካት?» አሉ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ፣ የጠቆረውን ግንድ በመሐረብ ይዘው።

«እጅ ይለያያል እኮ እማማ። አይዘኑ» አለች ፀደንያ።

እማማ እናትዓለም እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «እንግዲህ የኔ ደረቅ ነው ማለት ነዋ» አሉና ሄዱ። ዳግመኛ አልጠየቁም። ፀደንያም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቀለል አላት።

ያለፈው ጥቅምት የእማማ እናትዓለም ምራት መቅደላዊት ወለደች። አንድያ ልጃቸው ባምላክ ሚስቱን ይዞ እዚያው ግቢ ነው የሚኖር፤ የመቅደላዊት እናት ደግሞ ዱርቤቴ ሞተው ተቀብረዋል። ስለዚህ አራሷም ሕፃኑም የወደቁት በአማቲቱ እጅ ላይ ነው። ፀደንያ ልትጠይቅ ሄደች። መቅደላዊት አልጋ ላይ ሆና ሕፃኑን ታቅፋ ነበር፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቷ ልጅቱ እንባዋ ዱብ አለ።

«እትዬ ፀደንያ፣ አማቴ ጠልተውኛል።»

«ምነው? ምን አደረጉሽ?»

«ልጁን አይነኩትም። ገንፎውን ያገነፋሉ፣ ጨርቁን ያጥባሉ፣ ሲያለቅስ ቀድመው የሚነሱ እሳቸው ናቸው፤ እሱን ግን አይነኩም። ገላውን የምታጥብልኝ የባምላክ አክስት ናት፣ እሷም ሲመቻት ነው የምትመጣ። ትናንት ባምላክ ‹እማ፣ እስቲ ያዥው› ብሎ ሊያስታቅፋቸው ቢል እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።»

«ምናልባት ደክሟቸው ይሆናል።»

«ጠየቅኋቸው እኮ። ‹እጄ ደረቅ ነው፤ የነካሁት አይጸድቅም› አሉኝ። ‹ማን አለዎት?› ብላቸው ‹ፀደንያ ታውቃለች፣ እሷ ናት የነገረችኝ› አሉ። አሁን ቅጠል አልጸድቅ አለኝ ብሎ የልጅ ልጁን አልነካም የሚል ሰው አለ? ምክንያት ፈልገው ነው። የጠሉት እኔን ነው።»

ፀደንያ ፊቷ ጋለ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አይጠሉሽም፣ አይዞሽ» የሚል ብቻ ነበር። ልትወጣ ስትል እማማ እናትዓለም በሩ ላይ አገኟትና፣ ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ እያሉ አገላብጠው ሳሟት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ጓዳ ውስጥ ቆመች፤ ከዚያም ምን ልታደርግ እንደገባች ጠፋት። ኃይለ ገብርኤል ከሥራ ሲመጣ «አሞሻል እንዴ?» አላት። «ትንሽ ራሴን» አለችው። ባሏም አያውቅም ነበር። ስለ እጇ ለሥራ ባልደረቦቹ ሲያወራ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

እፍረት ሌላውን ሰው ወዴት እንደሚነዳው አላውቅም፤ ፀደንያን የነዳት ግን ወደ እውነቱ ሳይሆን ወደ ብልሃት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከወይን ጠጇ ደህናውን ቅርንጫፍ መርጣ ከአንጓው በታች ቆረጠች፤ ጓዳም ሳትገባ በቀጥታ ይዛው ወደ ጎረቤት ሄደች። ትጸድቅላቸዋለች፤ እጃቸው ደህና መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ፤ ልጁን ያቅፋሉ። ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

«ይቺ ትጸድቅልዎታለች፤ በኔ ይሁን» አለች።

እማማ እናትዓለም እጃቸውን አልዘረጉም። «አይ ልጄ። ስንቷን ልግደልብሽ? ካዘንሽልኝስ አንቺው ትከይልኝ፤ እንስራው ያውና።»

«እርስዎ ቢተክሏት ነው እንጂ...»

«አንቺ ትከያት ብያለሁ። ዳግመኛ ስትሞት ማየት አልፈልግም።»

ተንበርክካ ተከለች። እሳቸው ከአጠገቧ ቆመው ጣቶቿን ነበር የሚያዩ፣ አፈሩን እንዴት እንደምትጠቀጥቅ፣ ውሃውን እንዴት እንደምታንጠባጥብ፤ የቄስ መስቀል የሚያይ ሰው ዓይን ነበር ዓይናቸው። ቁራጯ ጥቂት አንገቷን ደፍታ ሰንብታ ቀና አለች፤ ብዙም ሳትቆይ አዲስ ቅጠል አወጣች። እማማ እናትዓለም ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየጠሩ አሳዩ። «ይኸው፣ ያው እንስራ፣ ያው አፈር ነው። የጎደለው የኔ እጅ ነበር» አሉ። የፀደንያ ብልሃት የሴትዮዋን ጥፋተኝነት አስመስክሮ ዐረፈ።

የክርስትናው ቀን ሲቃረብ ባምላክ መጣ። የድግሱ ድንኳን ደጅ ላይ ቅጠሎችዎን ደርድረን እንድናስውብ ይፍቀዱልን ብሎ ለመነ። ፀደንያ ልትመርጥ ወጣች። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ከፀሐይ በፊት ተነስታ ባልዲ ከባልዲ እያቀያየረች፣ ራቅ ብላ እያየች፣ እየተመለሰች የምትደሰት ሴት ናት። ያን ቀን የትኛውንም ማንሳት አቃታት። ቢጫው ዓይኗን ወጋት፤ ወይን ጠጇን አይታ ጭራሽ ልታየው ያልፈለገችውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘች ያህል ዞር አለች። ባምላክ ራሱ የመሰለውን ተሸክሞ ሄደ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ እማማ እናትዓለም በአጥሩ ላይ ተጣሩ። «ፀደንያ፣ ነይማ። የባምላክ አክስት አልመጣችም። አንቺ እጠቢልኝ ይህን ልጅ። ደግሞም ያንቺ እጅ እንዲያርፍበት ስመኝ ነበር።»

ሄደች። መቅደላዊት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ሳፋው ወለሉ ላይ ቀርቧል፣ ሳሙናውና ንጹሕ ጨርቁ ተዘጋጅቷል። ባምላክ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ሕፃኑን ፎጣ ላይ አስተኝቶት ነው የሄደ፤ እማማ እናትዓለም እንዳይነኩት ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀደንያ ልጁን አነሳችው። በዕድሜዋ ሕፃን የታቀፈችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ገላው ከጠበቀችው በላይ ይሞቃል። እማማ እናትዓለም ቀዝቃዛው ላይ ፍል ውሃ ከፔርሙዙ ጨመሩ። እንፋሎቱ ሲነሳ ፀደንያ ልጁን እንደያዘች ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምነው? ፈጀሽ እንዴ?»

«እማማ፣ እጅዎ ደረቅ አይደለም።»

«ተይው እሱን። እጠቢው።»

«የሰጠሁዎት ቁራጭ የሞተ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት። ጓዳ አስገብቼ በፍል ውሃ ነክሬ ነበር የምሰጥዎት።»

እማማ እናትዓለም የሰሙት የገባቸው አልመሰሉም። ፔርሙዙን ቀስ ብለው ከደኑ። «ለምን ብለሽ?»

«ሌላ ሰው እንዳይኖረው ብዬ።»

«ደጋግሜ ስመጣብሽም?»

«ሁልጊዜ። ለእርስዎም፣ ለሌላውም።»

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮሁባት በስንት ጣዕሙ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። ሲናገሩም ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

«ከባምላክ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አራስ ቤት ሳለሁ ነው የሞቱብኝ። ባምላክን እናቴ ናት ያሳደገችልኝ፤ በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው የታቀፍሁት። መሪጌታ ‹የእግዜር ፈቃድ ነው› እያሉ አጽናንተውኝ፣ ኋላ ትቼው ነበር። ቅጠልሽ ስትሞት፣ ደግሞ ስትሞት፣ ‹ለካ እጄ ኖሯል› አልሁ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ‹ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ንስሐም የለው› አሉኝ። ልቤ አላርፍ ቢለኝ በራሴ ላይ ስግደት ጣልሁ። በዚህ ጉልበቴ፣ የልጆቼን ስም እየጠራሁ፣ ይቅር በሉኝ እያልሁ ስሰግድ ከረምሁ።» ወደ ፀደንያ ዞሩ። «ያንቺን ንስሐ ነው የሰገድሁልሽ።»

ፀደንያ ይቅር ይበሉኝ ልትል ፈለገች። ቃሉ ግን ለቁራጭ ቅጠል የሚበቃ እንጂ ለዚህ የሚበቃ አልመሰላትም። እንባዋ በልጁ ሆድ ላይ ሲንጠባጠብ እሱ እግሩን አራገበ።

«በርዶታል» አሉ እማማ እናትዓለም። «ዞር በይ።»

ተነሡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ከመቀበላቸው በፊት ግን እጃቸው አየሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ልጁን ከፀደንያ ወሰዱት፤ በግራ ክንዳቸው ላይ አጋድመው፣ በቀኛቸው ውሃውን በደረቱ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ አያቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር የሚያጥቡት፤ እንባ ሲወርድባቸው መጥረጊያ እጅ አልነበራቸውም፤ ፀደንያም ልትጠርግላቸው አልደፈረችም። ጥግ ይዛ ቆመች። መሄድም አልቻለችም፤ ሂጂ አላሏትም፤ ተቀመጪም አላሏት።

መጋረጃው ተገለጠ። መቅደላዊት እንቅልፏን ገና ሳትጨርስ ወጥታ ያየችውን ለማመን ቆመች። አማቷ ልጇን ያጥባሉ። ግድግዳውን ይዛ ትንሽ ቆየችና ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ወደ ፀደንያ ሄዳ፣ ሳትከለክላት እጇን ይዛ ደጋግማ ሳመችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት፣ አውቃለሁ። ይህ እጅዎ ይባረክ። ምን ብለው አሳመኑልኝ?»

ፀደንያ ወደ እማማ እናትዓለም አየች። እሳቸው የልጁን አንገት ሥር በሁለት ጣታቸው እያጠቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። ይነግሩብኛል ብላ የምትፈራው ፊት አልነበረም፤ ይሸሽጉልኛል ብላ የምትመካበትም አልነበረም። ዝም ብትል ዝም የሚሉ ሴት መሆናቸውን አወቀች። ያ ከሁሉ ባሰባት።

እጇን ከመቅደላዊት አፍ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ልነግርሽ ነው። እስክጨርስ ድረስ እጄን አትሳሚው።»

መቅደላዊት ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ፀደንያም ቆማ ሁሉንም ነገረቻት።